የአብዱልመናን ጣሳ

ኢንስፔክተር ትርፌ ስልኳ ሲጮህ የግንቦት ልደታን ንፍሮ በእፍኟ ይዛ ነበር። በልደታ ማርያም ዙሪያ ያለው ሰፈር በሙሉ ደጅ ወጥቷል፤ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ ግማሹ በየበራፉ ተሰብስቦ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። በዚህ ጫጫታ መሀል ከሳጅን ዱጉማ ንግግር መጀመሪያ የሰማችው «ጋራዥ» የሚለውን ብቻ ነው። ደግማ ስትጠይቀው «ሰው መኪና ስር ቀርቷል፤ ሞቷል» አላት። ንፍሮውን ለጎረቤቷ አስረክባ በእግሯ ወረደች፤ በዚያ ቀን ልደታ ላይ ታክሲ መፈለግ ራስን ማድከም ነው።

ጋራዡ ገና ግንባታው ካላለቀው ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ነው። በወረቀት የዘነበ ይባል እንጂ የሰፈሩ ሰው «አብዱልመናን ጋ» ነው የሚለው፤ ግቢው የዘነበ ቢሆንም መኪና የሚያድነው እጅ የዋናው መካኒክ የአብዱልመናን ነበርና። አሁን ያ ሰው ጭቃው ላይ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። አጠገቡ አንድ የድሮ ላንድክሩዘር፣ የኋላ ግራ ጎማው ወልቆ፣ በዚያ በኩል መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አደጋ ነው» አለ ሳጅን ዱጉማ። «መኪናውን ያነሳው ክሪክ ተንሸራቶ መኪናው ደረቱ ላይ ወድቋል። የሰፈሩ ሰው መኪናውን በእጁ አንስቶ ነው ያወጣው። ሌላ ዕቃ የነካ የለም።»

«ክሪኩን ያቆመው ማን ነው?»

ዱጉማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ።»

ሱፍያን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሃያዎቹን የጀመረ፣ ከአባቱ ጋር አብሮ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሁለት እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸዋል። ትርፌ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«እስቲ ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ።»

«መኪናውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባሌስትራው ክብደት ሳይኖርበት ሲንጠለጠል ልየው፣ የኋላውን ከፍ አድርግልኝ አለኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ክሪኩ ስር ሳንቃ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሁልጊዜ ይለኛል፣ አድርግ ይለኛል። ቸኮልኩ። ባዶ ጭቃ ላይ አቁሜው ዕቃ ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። ስመለስ…»

«ስትሄድ ጎማው ነበረበት?»

«አራቱም ነበሩ።»

«አባትህ መኪና ስር ከመግባቱ በፊት ምን ያደርጋል?»

«ካርቶን ያነጥፋል። ጎማ ከተፈታ ደግሞ ጎማውን የመኪናው አካል ያረፈበት ሻንሲ ስር ያጋድማል፤ መኪናው ቢወድቅ እንዲቀበለው። ሳያደርግ ገብቶ አያውቅም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እኔን አምኖ ይሆናላ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሟቹ ወንድም ሙኒር ከበሩ በኩል መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ንግግሩ ግን የተረጋጋ ነው።

«እህቴ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀብር አለብን። ዘይቱና፣ ሚስቱ፣ ውሃ አስጥዳ ትጠብቃለች። አባትን የሚያጥብ ልጁ ነው፤ እሱ ግን አልነካም ይላል። እስቲ እርስዎ ይንገሩት።»

«አባቴን የገደለ እጅ አባቴን አያጥብም» አለ ሱፍያን ዞር ሳይል።

ትርፌ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን ሰምታ አታውቅም። ለሙኒር ሬሳው ለምርመራ ሆስፒታል ደርሶ ከዐስር በፊት እንደሚመለስ ቃል ገባችለት። ሙኒር አመነታ፤ ከዚያ የልጁን ጀርባ አይቶ እሺ አለ።

አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች። ደረቱ ተደቁሷል፤ የአናቱ ጀርባም ተሰንጥቋል። ጀርባው በሙሉ ጭቃ ነው። የተኛበትን ቦታ በመዳፏ ተጫነችው፤ መዳፏ ሰመጠ። የካርቶኑ ጥቅል ግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ደረቅ ነው። የወለቀው ጎማ ከካርቶኑ አጠገብ ተደግፏል። ክሪኩ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ በጎኑ ተጋድሟል፤ ቆሞበት የነበረው ቦታ ከጭቃው ስር ጠጠር ነው፤ የተወው ክብ ምልክት ከጣት ጥፍር አይጠልቅም። በመጨረሻ የጎማው ቦታ ላይ ዓይኗ ቆመ። ጎማውን ይዘው የነበሩት ዳዶዎች ሁሉ፣ ጎማው ከሚገጠምበት ታምቡር በወጡት ብሎኖች ላይ በጣት ተመልሰው ተጠምዝዘዋል። ትርፌ ይህን ስታይ ቅንድቧን ሰበሰበች።

ዘነበ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው የሰማው፤ ነጠላውን እንደለበሰ የጋራዡ ቢሮ ውስጥ አገኘችው። ወፍራም፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ድምፁ ሻክሯል።

«ይቺን መኪና አታስገባ ብዬው ነበር!» አለ። «አምና በረሃ ላይ ተገልብጣ የቤኪን ታናሽ ወንድም ገደለች። ሾፌሩ ፍሬን እምቢ አለኝ አለ። ፍሬኑን የሠራው ደግሞ አብዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሸሸን። ጋራዣችን ስሙ ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን ተመልሳ መጣች?»

«ራሱ ለምኖ ነዋ! ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ቤኪ ግቢ ቆማ ነበር። ‹ያለ ዋጋ ልሥራት፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በዓይኔ ልየው› አለ። እንቅልፍ እኮ አልነበረውም፣ ኢንስፔክተር። መንገድ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር።»

«ትላንት ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«ተጨቃጭቀናል፤ አልክድም። በልደታ ቀን ሥራ አይሠራም አልኩት። ‹ድምፅ የሌለው ሥራ ነው› አለኝ። እውነቱን ነው፤ በበዓላችን መዶሻ አንስቶ አያውቅም። ለጎረቤት ክብር ብሎ።» ዘነበ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ዛሬ ቀብሩ ላይ ምን ብዬ ነው የምቆመው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አብዱልመናን ጎማ ሲፈታ ዳዶዎቹን የት ያስቀምጣል?»

ዘነበ በጥያቄው ግራ ተጋባ። «ጣሳው ውስጥ ነዋ። ናፍጣ ያለበት ጣሳ አለችው፤ እዚያ ይዘፈዝፋቸዋል። እዚህ ጋራዥ የሠራ ሁሉ እንደሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ስድቡን ይጠጣል። እኔንም ባለቤቱን ሰድቦኛል!»

ጣሳዋ የሥራ ጠረጴዛው ስር ነበረች። ትርፌ እጅጌዋን ሰብስባ ናፍጣው ውስጥ እጇን ከተተች። ዳዶ የለም። ጣቷን የነካው ሌላ ነገር ነው፤ ከእርሳስ የማትበልጥ ቁራጭ የፍሬን ቱቦ። ዝገቷ ግማሽ በግማሽ ለቋል። አንዱ ጫፏ ከመጋጠሚያው ተፈትቶ የወጣ ነው፤ ሌላው ጫፏ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ በጥፍር ሲዳሰስ ደቃቅ ጭረት ያለበት። ትርፌ በጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት፤ ለዱጉማ እንኳ አላሳየችም።

የመኪናዋ ባለቤት ቤኪ ቱሪስት ወደ በረሃ የሚወስድ ወጣት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጥቁር መነጽሩን አንዴ ያወልቃል፣ አንዴ ያደርጋል።

«እኔን ከሆነ የሚጠረጥሩት፣ ይጠርጥሩ» አለ። «ጠልቼው ነበር፤ አልዋሽም። ወንድሜን የበላ መስሎኝ። በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ አለቀሰ። እንዴት ነው የምጠላው? ባሌስትራዋን ከፍ አድርጎ፣ ትልልቅ ጎማ ገጥሞ፣ አሸዋም ድንጋይም እንዳይዛት አድርጎ ሊያስረክበኝ ነበር። ወንድሜ የሞተበት ቦታ በራሷ በመኪናዋ ልሄድ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አወራችሁ?»

«ትላንት ደወለልኝ። ‹ከልደታ በኋላ አንድ ሰው ራሱ መጥቶ የሚነግርህ ነገር አለ፤ እኔ ቀድሜው አላወራም› አለኝ። ማን ነው ብለው፣ ወይ ፍንክች! ጋሽ አብዱል እንዲህ ነው፤ የሰው ገመና ከአፉ አይወጣም።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

የመጨረሻው ገብረጊዮርጊስ ነው፤ አምና መኪናዋን ሲነዳ የነበረው ሾፌር። ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያከብረው አዛውንት ነው። በረሃን ያለ ካርታ ያውቃል ይሉታል። ቤኪ ሲደውልለት ከቤተ ክርስቲያን በኩል ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ።

«ይቺን መኪና ከአምና ወዲህ ማየት አልፈልግም» አለ። «የዚህን ጋራዥ ደጅም ረግጬ አላውቅም። ዛሬም ከማለዳ ጀምሮ ቅድስት ልደታ ነበርኩ።»

«ማን አየዎት?»

«እመቤቴ» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ሱፍያን ወደተቀመጠበት አየና በርኅራኄ ድምፅ ጨመረ፦ «ልጁን አታስጨንቁት። አባትየው ፍሬን ላይ ተሳሳተ፣ ልጅየው ክሪክ ላይ ተሳሳተ። ሰው ነው፤ ይሳሳታል።»

ሱፍያን ሰምቶታል። አንገቱን ሲደፋ ትርፌ አየችው። ደግ ንግግር እንዲህ ሲጎዳ አይታ አታውቅም፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ «አመሰግናለሁ፤ ከግቢው አይውጡ» ብላ ብቻ አለፈች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። ሬሳው እየተመለሰ ነው። ሙኒር በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ወንድሙ ልጅ ያያል። ትርፌ አራቱን ሰዎች ግቢው መሀል፣ የዘነበ ፒክአፕ አራት ጎማዋ ከመሬት ተነስቶ በእንጨት ጉማጅ ላይ የቆመችበት ጋ ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ሥራ አለኝ» አለች። «ጎማ መፍታት ምን ያህል እንደሚፈጅ ማየት እፈልጋለሁ። አራት ጎማ፣ አራት ሰው። ተራ በተራ፣ በተቻላችሁ ፍጥነት። መፍቻም፣ ጣሳም፣ ጨርቅም እዚሁ አለ።» የእጅ ሰዓቷን አውልቃ በመዳፏ ያዘች።

«በዚህ ልብሴ?» አለ ዘነበ።

«በዚሁ ልብስዎ።»

ሱፍያን ቀደመ። የሚፈታውን ዳዶ ሁሉ ሳያይ ወደ ጎን ይወረውራል፣ ዳዶው ጣሳዋ ውስጥ ይገባል። ዘነበ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ እያለከለከ ፈታ፤ ጣሳዋ ስትርቀው «አቅርቡልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ቤኪ መፍቻውን እንኳ በትክክል አልያዘም። ዳዶዎቹን መሬት ላይ ጣላቸው፤ አንዱ ተንከባሎ መኪናዋ ስር ገባ።

ገብረጊዮርጊስ ነጠላውን ለቤኪ ሰጥቶ ተንበረከከ። ከሁሉም ፈጠነ። ጎማውን ሳብ አድርጎ አወጣው፣ ዳዶዎቹን ከመዳፉ አንድ በአንድ ብሎኖቹ ላይ መልሶ በጣቱ ጠመዘዛቸውና ቀና አለ።

«በዚህ ዕድሜዬም የሚቀድመኝ የለም» አለ አቧራውን እያራገፈ።

«የለም» አለች ትርፌ። ሰዓቷን አላየችውም። «ዳዶዎቹን ለምን መለሷቸው?»

«ምን?» ወደ ብሎኖቹ አየ። «ልማድ ነው እንጂ። በረሃ ላይ መሬት የተቀመጠ ዳዶ አሸዋ ውጦት ይቀራል። ቦታው ከተመለሰ አይጠፋም። የበረሃ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ልክ ነው። እስቲ ሁላችሁም ወደዚህ ኑ።»

ወደ ላንድክሩዘሩ ወሰደቻቸው። ታምቡሩ ላይ ዳዶዎቹ እንደተመለሱ ነበሩ። ሱፍያን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ አየ።

«አባዬ አይደለም የፈታው» አለ በቀስታ።

«አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን አንተ ይህን ስማኝ» አለች ትርፌ፤ ክሪኩን አነሳችው። «ሳንቃ አላደረግህም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ክሪክ ሰምጦ ወይም ተንሸራቶ ከወደቀ አንገቱ እንደወጣ ነው የሚወድቀው። ይህ አንገቱን ጨርሶ ሰብስቧል። ምን ማለት ነው?»

ሱፍያን ከንፈሩን ላሰ። «የዘይቱ ማስተንፈሻ ተከፍቷል ማለት ነው። በእጅ።»

«ስሩ ያለ ሰው ሊከፍተው ይችላል?»

«እጁ አይደርስም።»

«ምልክቱን እየው። ከጭቃው ስር ያለው ጠጠር ክሪኩን ተሸክሞታል፤ አልሰመጠም። አንተ ያቆምከው ክሪክ እስኪከፈት ድረስ ሥራውን ሠርቷል።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አብዱልመናን ካርቶን ሳያነጥፍ አይተኛም፤ ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ ጀርባው ግን ጭቃ። በጭቃ ላይ የተኛ ሰው የአናቱ ጀርባ አይሰነጠቅም። ሐኪሙ እንዳለው መጀመሪያ የገደለው የአናቱ ምት ነው፤ ደረቱ የተደቆሰው በኋላ ነው። ሰው መታው፣ ጎትቶ መኪናው ስር አስገባው። ነገር ግን ይቺ መኪና ለበረሃ ከፍ ብላለች፣ ትልልቅ ጎማ አላት። ጎማዋ እያለ ብትወድቅ እንኳ ስሯ ያለን ሰው አትነካም። ስለዚህ ጎማው መውለቅ ነበረበት። ያወለቀውም ሰው ሻንሲው ስር አላጋደመውም፤ መኪናው እንዲወድቅ ነውና የሚፈልገው። ሁሉን አስቦበታል፤ ያላሰበበት የራሱን ጣት ብቻ ነው።»

«የበረሃ ሾፌር አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ?» አለ ገብረጊዮርጊስ። ድምፁ አሁንም የረጋ ነው።

«አይደሉም። ለዚህ ነው ጣሳዋን የማሳይዎት። የጋራዡን ልማድ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ዳዶዎቹን እዚህ ይጥል ነበር፤ ሲጥልም ይቺን ያገኛት ነበር።» ጨርቁን ፈታች። ቁራጯ ቱቦ መዳፏ ላይ ታየች። «አምና ‹እምቢ አለኝ› ያሉት ፍሬን ቱቦ ናት። ሱፍያን፣ ጫፏን ንካው።»

ሱፍያን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ በመጋዝ ነው የተቆረጠው! ድንጋይ የመታው ቱቦ ይጨፈለቃል፣ ያረጀ ይሰነጠቃል። ይሄ…» ቱቦዋን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አባዬ አግኝቶት ነበር ማለት ነው።»

«አግኝቶት ነበር። በተቆረጠ ቱቦ በረሃ የሚደርስ መኪና የለም፤ የተቆረጠችው ከአደጋው በኋላ ነው። ከአደጋው በሕይወት የወጣው አንድ ሰው ነው፤ የቆረጣትም እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አብዱልመናን ግን ሮጦ ለቤኪ አልነገረም። ሰውየው ራሱ እንዲናገር እስከ ልደታ ጊዜ ሰጠው። ዓመት ሙሉ ስሙን ያጠፋበትን ሰው ገመናውን ሸፈነለት። የሞተው በዚህ ደግነቱ ነው።»

ገብረጊዮርጊስ ወደ በሩ አየ። ዱጉማ እዚያ ቆሟል። ቤኪ መነጽሩን አወለቀ፤ የሰውየው ነጠላ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

«ጋሽ ገብሬ» አለ። «ወንድሜ እንዴት ነው የሞተው?»

ገብረጊዮርጊስ ትርፌን መከራከር ትቶ ወደ ቤኪ ዞረ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ። «እየነዳሁ። ወንድምህ አጠገቤ ያወራኝ ነበር፤ ድምፁ እንደራቀኝ ትዝ ይለኛል። ስነቃ ተገልብጠናል። ሠላሳ ዓመት ነድቼ፣ ተኝቶ ሰው ገደለ ልባል? መጋዙ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ቱቦዋን ቆርጬ ፍሬኑ ነው አልኩ።»

«አብዱልመናንስ?» አለች ትርፌ።

«ጠዋት መጥቼ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ገብሬ፣ እኔ ዓመት ሙሉ የልጁን ደም ተሸክሜያለሁ፤ አሁን አንተ ተሸከመው› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ አለ። የጎማ መፍቻው አጠገቤ ነበር።»

ቤኪ ነጠላውን መሬት ላይ ሊጥለው ነበር፤ ተወው። አጣጥፎ ፒክአፕዋ ላይ አስቀመጠው፣ ሄዶም ግድግዳው ጥግ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዱጉማ ሰውየውን ይዞ ሲወጣ ዘነበ መንገድ ለቀቀ።

ሱፍያን ቱቦዋን ጨብጦ ቆሟል።

«ፍሬኑ የአባዬ ጥፋት አልነበረም» አለ። ለትርፌ ሳይሆን ለራሱ ነው።

«አልነበረም። ሳይሞት በፊትም አውቆታል። ትላንት ማታ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኛል።»

«ወስዶታል» አለ ሱፍያን። «ትላንት ቀድሞን ነው የተኛው። እናቴ ገርሟት ነበር።»

ከዚያ ቱቦዋን መለሰላት። ጣሳዋን አንስቶ ናፍጣውን እጁ ላይ አፈሰሰ፤ ግራሶውን ከጣቶቹ መሀል፣ ከጥፍሮቹ ስር እያሸ አወጣ። ወደ ቧንቧው ሄዶ በሳሙና ታጠበ፣ እጁን አሸተተ፣ እንደገና ታጠበ። የናፍጣው ሽታ እስኪለቅ ድረስ ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ እጅጌውን እስከ ክንዱ እንደሰበሰበ ሙኒር ወደቆመበት በር መጣ።

«አጎቴ፣ ውሃው ሞቋል?»

«ሞቋል ልጄ።»

«እንሂድ፤ የማጥበው እኔ ነኝ።»